መቶ ብለሽ ጻፊ

ነገሩ ተራ የቤት ሥራ ነው። ማክሰኞ ማታ፣ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ። አምስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ የሳይንስ ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ሻይ ልጠጣ ውሃ ጥጄ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው?» ይላል። ከሥሩ ባዶ መስመር አለ።

መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። እሷ ግን መጽሐፏን ከመግለጥ ይልቅ መሳቢያ ከፈተች። ዱባይ ያለችው እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ከላከችልን ዕቃ መካከል አንድ ቀጭን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ነበረ። ሥጋ ውስጥ ተሰክቶ መብሰሉን የሚናገር ዓይነት ነው። ጫፉ ሹል፣ አናቱ ላይ ቁጥር ያበራል። እኛ ቤት ሥጋ መብሰሉ የሚታወቀው በጥርስ ስለሆነ ማንም ነክቶት አያውቅም።

የማንቆርቆሪያውን ክዳን አንስታ ጫፉን ነከረችው። ቁጥሩ እየሮጠ ወጣ። 60። 75። 88። ከዚያ 92 ላይ ቆመ። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖታል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ የለም። ምድጃውን ጨመረችው። መንተክተኩ ባሰበት። አሁንም 92። አውጥታ ጠረገችውና እንደገና ነከረችው። 92።

«አባዬ፣ 92 ነው።»

«መቶ መሆን አለበት።»

«እየፈላ ነው እኮ። እየው!»

«ተበላሽቶ ነው። መቶ ብለሽ ጻፊ።»

ቀና ብዬ አላየኋትም። ስልኬን ነበር የማየው። ለካ 92 ብላ በእርሳስ ጽፋው ኖሯል። የሰማሁት የላጲሱን ድምፅ ነው። ኪርር፣ ኪርር። ከዚያ እፍ አለችበት። 100 ብላ ጻፈችና ሄደች። በነጋታው ደብተሯ ላይ እርማት ተደርጎበት መጣ፤ ትክክል። ነገሩ አለቀ።

ለኔ ግን አላለቀም። ያ የላጲስ ድምፅ ቢሮ ድረስ ተከተለኝ። ማንም አላለቀሰ፣ ማንም አልተጣላ፣ ምኑ እንደሚከነክነኝ ራሴም አልገባኝም። የገባኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥራ ላይ ነው። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መዝገቡና ካዝናው አልስማማ ሲሉ ገንዘቡ ይቆጠራል። ካልሆነ እንደገና ይቆጠራል። መዝገቡ ላይ 100 ሺህ ስለተጻፈና ካዝናው ውስጥ 92 ሺህ ስለተገኘ «ካዝናው ተበላሽቶ ነው፣ 100 ብላችሁ ጻፉ» ያለ ሂሳብ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚያገኘው ፖሊስ ነው። እኔ ግን ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ፊት፣ ያንኑ አደረግሁ። ልጅቷ ካዝናውን ሦስት ጊዜ ቆጥራለች። እኔ መዝገቡን አስደገፍኳት።

ቴርሞሜትሩ ወደ መሳቢያው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልነካችውም።

«ይፈላል እንጂ አይሞቅም»

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ከድሬዳዋ መጣች። በየዓመቱ ትመጣለች፣ በየዓመቱም ከኛ ምድጃ ጋር ትጣላለች። ባቄላ ለንፍሮ ትጥዳለች። ሌሊቱን የተነከረ ባቄላ ነው። ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ አይደርስም። ባለቤቴ «ባቄላው የከረመ ሆኖ ነው» ትላለች። እኔ «ምድጃው ነው» እላለሁ። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር አላት። ዘንድሮም አለችው።

«አቦ፣ የናንተ ውሃ ይፈላል እንጂ አይሞቅም!»

በየዓመቱ እንስቃለን። «እማዬ፣ ውሃ ውሃ ነው» እላታለሁ። የድሬ ሰው ለአዲስ አበባ የሚያወጣው ስም አያልቅም ብለን እናልፈዋለን። ዘንድሮ ግን ጠረጴዛው ጥግ ነጭ ሽንኩርት የምትልጥ ልጅ ነበረች።

«92 ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ውሃው። እኛ ቤት 92 ላይ ነው የሚቆመው።» ከዚያ እኔን አየት አደረገችኝ። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው ግን።»

«ማነው ተበላሸ ያለው?»

«አባዬ።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እኔም እንደምንም ብዬ፣ ያን ማክሰኞ ማታ ልጠይቅ ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«አንቺስ? ተበላሽቷል ብለሽ ነው የምታስቢው?»

«አይ።»

«ለምን?»

«በበረዶ ለክቼዋለሁ» አለች። «ያን ቀን ማታ። ከፍሪጅ በረዶ አውጥቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ደብተራችን ላይ በረዶ በ0 ይቀልጣል ይላል። ስለካው 0 አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ነጭ ሽንኩርቷን አስቀመጠች። ተበሳጭታም አይደለም፤ ሁላችን የምናውቀውን ነገር እንደምታስታውሰኝ ሆና «መቶ ብለሽ ጻፊ አልከኝ እኮ» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ማንም ሳይነግራት፣ እኔ ሳሎን ዜና ሳይ፣ ብቻዋን ፍሪጅ ከፍታ መለኪያውን ፈትሻለች። እህል በረንዳ የሚገበያይ ሰው ሚዛኑን ሲጠረጥር የታወቀ ኪሎ አስቀምጦ ያያል፤ እሷም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የታወቀ ኪሎዋ በረዶ ነበር። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ አገኘችው። ማስረጃው በእጇ ነው። ግን ማስረጃውን ይዛ ወደ እኔ አልመጣችም። ለምን ትመጣለች? ጉዳዩ ተዘግቷል። አባት ተናግሯል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ተብያለሁ። ልጅቷን ግን እንዲህ ብያት አላውቅም፤ እንዲያውም «ጠይቂ፣ ተመራመሪ» የምል ዘመናዊ አባት ነኝ ብዬ አስብ ነበር። የፕላኔቶች ሥዕል ገዝቼ መኝታ ቤቷ ለጥፌአለሁ። በውድ ዋጋ የእንቆቅልሽ ጨዋታ አምጥቼአለሁ። ተረቱን በአፌ አልደገምኩትም፤ በሥራዬ ግን ደገምኩት።

ሌላም ያሳፈረኝ ነገር አለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት ትውልድ ነበርን። አያት በባቄላ አውቃዋለች። ልጅ በቁጥር አውቃዋለች። መሀል ላይ ያለሁት ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ ብቻ ነኝ የተሳሳትኩት። እነሱ ያዩት ነገር ነበራቸው። እኔ የነበረኝ የሸመደድኩት ነው።

በብርዱ አገር የሳሳው ጋቢ

ያን ሌሊት አላስተኛኝም። ሳነብ አደርኩ። ነገሩ ያን ያህል የተሰወረ አይደለም፤ አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ሳልፈውም አልቀረሁም። ለልጄ በማግስቱ ያስረዳኋት በጋቢ ነው።

አየር ክብደት አለው። ባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው አራት ጋቢ ተደራርቦበታል እንበል። አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው ሦስት ነው። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ሁለት ከትንሽ። (በብርዱ አገር ጋቢው ይሳሳል ማለት ነው። ልጄ በዚህ ብዙ ሳቀች።) ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት የተጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። ጋቢው ከበዛ ብዙ መሞቅ አለበት። ጋቢው ከሳሳ ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውሃው በ92 አካባቢ «በቃኝ» ብሎ መፍላት ይጀምራል። እሳት ብትጨምርበት ቶሎ ያልቃል እንጂ አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ በሰው እጅ የተሠራ ጋቢ ይደርብበታል፤ ውሃው ከ100 በላይ ይሞቃል፣ ባቄላውም ይገባለታል።

«ይፈላል እንጂ አይሞቅም።» እናቴ ከፊዚክስ መጽሐፌ አሳጥራ ተናግራው ነበር። ስንት ዓመት ሳቅሁባት?

ሌላም አነበብኩ። አንደርስ ሴልሲየስ የሚባለው ስዊድናዊ መለኪያውን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1742 ነው። መጀመሪያ ሲያወጣው ተገልብጦ ነበር፤ ውሃ የሚፈላበትን 0፣ በረዶ የሚቀልጥበትን 100 አለው። የተገለበጠው በኋላ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ሰውዬው ውሃ የሚፈላበት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ለዚያ ነው ግፊቱን መጥቀስ ያስፈለገው። ማለትም 100ን ውሃ አልመረጠውም። ከባሕር ብዙም በማይርቅ ከተማ የኖረ ሰው መረጠው። ከነማስታወሻው መረጠው። እኛ ጋ ሲደርስ ማስታወሻው መንገድ ላይ ወድቆ ቁጥሩ ብቻ ደረሰን።

እስቲ አስቡት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ውሃ ከ100 በትንሹ ያልፋል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ በ85 አካባቢ ይፈላል። አንድ አገር ውስጥ የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ። ደጋ ላይ የሚኖር ልጅ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ 100 ሳያይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አርጅቶ ይሞታል። ባሕር የሌለን ሰዎች በባሕር ወለል ልክ ነው የምንፈተነው።

ይህን ሳስብ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። ስለ እንዶድ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ግን ታሪኩን «ትልቅ ሳይንቲስት ትልቅ ግኝት አገኘ» ብዬ ነበር የማስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ያዩት ነገር ግን በጣም ቀላል ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። በሽታው የሚተላለፈው ደግሞ በቀንድ አውጣ በኩል ነው። እንዶድ ሳሙና መሆኑን እዚያ ወንዝ ዳር ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር። ወረድ ብሎ አይቶ «ለምን?» ማለት ነበር የቀረው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት አግኝተዋል። ያን ቀን አጠገባቸው አንድ እንደኔ ያለ ሰው ቆሞ «ቀንድ አውጣዎቹ ታመው ነው፣ እንለፍ» ቢላቸውስ?

ዱባይ ስንት ነው?

ሐሳቡ የሷ ነው። «ታዲያ ባሕር አጠገብ ያለ ሰው ይለካልና!» አለች። ባሕር አጠገብ ያለ ሰው አለን። እህቴ ቴርሞሜትሩን ስትገዛ ሁለት ነበር የገዛችው፤ አንዱን ለምትሠራበት ቤት፣ አንዱን ለኛ።

ስለ እህቴ አንድ ነገር ልበል። በሁለት ዓመት ታናሼ ናት። ልጆች ሳለን የኔን የሂሳብ የቤት ሥራ የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። አሥረኛን እንደጨረሰች ቤቱ ሁለት ተማሪ አይችልም ተባለ። ማን ይቀጥል የሚለው ለውይይት እንኳ አልቀረበም። እኔ ቀጠልኩ፣ እሷ ዓረብ አገር ሄደች። የዩኒቨርሲቲ የኪስ ገንዘቤ የመጣው ከሷ ነው። ሌላው ይቅር።

ማዳሟ ከተኛች በኋላ በቪዲዮ ደወለችልን። ድስት ጥዳለች። ስልኩን ቅመም መደርደሪያው ላይ አስደግፋዋለች፤ ግማሽ ፊቷና የድስቱ እንፋሎት ይታያል። እዚህ ልጄ፣ እናቴ፣ ባለቤቴና እኔ በአንድ ስልክ ላይ ተጎንብሰናል። የእግር ኳስ ፍጻሜ እንኳ እንዲህ አይተን አናውቅም።

«90 አለፈ» አለች እህቴ። እናቴ «እልል!» አለች፣ ገና ሳይታወቅ። «95... 98... ሚጣዬ፣ 99 ነጥብ 8። ልጠብቅ?»

«ጠብቂ፣ ጠብቂ!»

«100 አለ። ተመለሰ። 99 ነጥብ 9። አሁን እየዋለለ ነው።»

ልጄ ወረቀት አምጥታ ነበር። በአንድ በኩል ዱባይ፣ 0 ሜትር፣ 100 ዲግሪ። በሌላ በኩል የኛ ሰፈር፣ ወደ 2,400 ሜትር፣ 92 ዲግሪ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አልኩ፤ ከዚህ ሁሉ ጉድ በኋላ ያደረግሁት ብቸኛ ጠቃሚ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱን አልነገርኳትም። «2,400 ሜትር ስንወጣ ስንት ቀነሰ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

«8።»

«ታዲያ 1 ዲግሪ ለመቀነስ ስንት ሜትር ነው የምንወጣው?»

እርሳሷን ነከሰች። ማካፈል ላይ ጎበዝ አይደለችም። ትምህርት ቤት 2,400 ለ8 ቢሏት ትለግም ነበር። አሁን ግን ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ ፈልጋዋለች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። «300!» (መስመሩ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፤ ለአንድ ወጥ ቤት ግን ይበቃል።)

እናቴ ጣልቃ ገባች። «የኛስ? ድሬስ?»

«ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው» አልኩ። ልጄ ወረቀቷ ላይ አጎነበሰች። እኔም በልቤ ማስላት ጀመርኩ።

«ዘጠና ስድስት።»

ድምፁ የመጣው ከስልኩ ነው። እህቴ ናት። ድስቱን እያወረደች፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ከሁላችንም ቀድማ አለችው። ከዚያ ዞረችና «አይደለም እንዴ?» አለች።

ነው። ማናችንም ወዲያው አልመለስንላትም። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ስልኩን የያዝኩበትን እጅ ቀየርኩ።

«አክስቴ እንዴት ቶሎ አወቅሽው?» አለች ልጄ።

«እኔማ ድሮ...» ብላ ጀመረችና ሳቀች። «እሺ ልጆች፣ ነገ በጠዋት ነው የምነሳው። ደህና እደሩ።»

5500 ለምን ይደመራል?

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ተከፈተ። ሁሉም ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ሙሉ ዘይት ፓስታ ማብሰያው ውስጥ ቀርቶ ተገኘ፤ ለምን ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ እየተጠና ነበር። ባለቤቴ ለሳይንስ ያላት ፍቅር ያን ዕለት ቀንሷል። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» አለችኝ፣ ድስቱን ስታሻሽ።

ደስ ያለኝ ግን የባሕረ ሐሳቡ ነው። እናቴ ስለ ጳጉሜ ስታወራ «ዘንድሮ ማርቆስ ነው፣ ከርሞ ሉቃስ፤ በሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች» አለች። ልጄ እንዴት እንደምታውቅ ጠየቀቻት። እናቴም አሳየቻት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምሪያለሽ፣ ለ4 ታካፍያለሽ። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ። 2018 ሲደመር 5500፣ 7518። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ማርቆስ።

ልጄ ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራች በኋላ ቆም አለች። «እማማ፣ 5500 እኮ ለ4 እኩል ይካፈላል። ባንደምረውም የሚተርፈው ያው ነው። 2018ን ብቻ ለ4 ባካፍል 2 ነው የሚተርፈው።»

«ዝም ብለሽ ደምሪ» አለች እናቴ። «አባቶች ደምሩ ብለዋል።»

ሳቄን ዋጥኩት። ይህን ከየት እንደወረስኩት አወቅሁ። «ተያት እማዬ፣ ትሞክረው» አልኩ። ሞከረችው። አሥር ዓመት ያለ 5500 ሠራች፤ አሥሩም ልክ ሆኑ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የንስሐ አባታችንን ራሷ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አልተቆጡም። ለወንጌላዊው እውነትሽን ነው፣ አያስፈልግም አሏት። ወንበር የሚባለውን፣ አጽዋማት የሚሰሉበትን ቁጥር ለማውጣት ግን የሚካፈለው ለ19 ነው፤ 5500 ለ19 ሲካፈል ደግሞ 9 ይተርፋል። እዚያ ካልደመርሽ አጽዋማቱ ሁሉ ይዛነፋሉ። ቤት ስትመጣ አካፍላ አየችው። እውነትም 9።

ይህ መልስ ለኔም ጠቀመኝ። ከቴርሞሜትሩ በኋላ «ልጁ ሁልጊዜ ትክክል ነው፣ መጽሐፉ ሁልጊዜ ስህተት ነው» ወደሚል ሌላ ጫፍ እየሄድኩ ነበር። አባቶችም ዝም ብለው አልደመሩም። ሴልሲየስም ዝም ብሎ 100 አላለም። የቁጥሩን ምክንያት እስከሚያውቀው ሰው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው የሚያስቸግረው። እኔ ደግሞ ልጄን ከደጃፉ ላይ መለስኳት።

ያልፈታሁት ነገርም አለ፤ ፈተና። መምህሯን አልወቅስም። ስልሳ ልጅ ይዘው የስልሳ ቤት ማንቆርቆሪያ ሊከራከሩ አይችሉም። ልጄን «100 ብለሽ ጻፊና ጎኑ ላይ በባሕር ወለል ብለሽ ጨምሪ» አልኳት። ደስ አላት።

«ምርጫ ከሆነስ?» አለችኝ። «ሀ 92፣ ለ 100?»

«...ለን አክብቢ።»

«እሺ።»

አየችኝ። ያው «መቶ ብለሽ ጻፊ» መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል። የ2014ቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑበት አገር ልጅ እያሳደግሁ፣ 92ን አክብቢ የማለት ድፍረት የለኝም። አሁን ያለው ልዩነት ቢያንስ የምታከብበው ቁጥር የማን እንደሆነ ታውቃለች። ይበቃል? እንጃ። አንዳንድ ማታ ይበቃል እላለሁ፣ አንዳንድ ማታ ራሴን እየደለልኩ ይመስለኛል።

ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት

ፍሪጃችን ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሦስት ዓምድ አለው፤ ቦታ፣ ሜትር፣ ዲግሪ። ቤታችን 92። ዱባይ 100። ባሕር ዳር፣ 1,800፣ በእርሳስ 94 ከጥያቄ ምልክት ጋር። እንጦጦ ማርያም፣ 3,000፣ በእርሳስ 90 ከጥያቄ ምልክት ጋር። ዳሎል ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የተለካው በእስክሪብቶ፣ የተገመተው በእርሳስ ይጻፋል። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። ላጲስ የሚነካው ግምቱን ብቻ ነው።

ፋሲካ አልፎ እናቴ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ ቴርሞሜትሩ በፎጣ ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ልጄ አውቶቡሱ ላይ እስክትወጣ ድረስ አጠቃቀሙን አስጠናቻት። ጫፉ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። መጀመሪያ በበረዶ። ከዚያ የሚፈላ ውሃ ውስጥ። እስኪቆም መጠበቅ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለች። ስልኩን ልጄ ናት ያነሳችው። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«በረዶውን ለካሽ እማማ?»

«ለካሁ። 0 ነው። አሁን ድስቱ ውስጥ ነው ያለው።»

«ስንት ይላል?»

«ቆይ መነጽሬን ላድርግ... እንፋሎቱ አላሳይ አለኝ... ዘጠና...»

ልጄ እርሳሱን ጥላ እስክሪብቶ አነሳች።

«ዘጠና ስድስት። ዘጠና ስድስት ነጥብ አንድ።»

የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት አስወጥቷል። እናቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና «አልነገርኳችሁም?» አለች። «በይ ልዝጋው፤ ባቄላዬ ደርሷል።»